ስሙ የጠፋ ፊት፣ ፊቱ የጠፋ ስም

ከደምበጫ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ለቅሶ ላይ ነን። ድንኳኑ ከባሕር ዛፉ ሥር ተተክሏል። አልቃሿ ግጥም ስትደረድር፣ የሟቹ እህት በመስታወት የተገጠመ ትልቅ ፎቶ ደረቷ ላይ አቅፋ ትዞራለች። ፎቶው ከተማው ውስጥ ካለ ፎቶ ቤት የተሠራ ነው፤ ከመታወቂያ ላይ ተነሥቶ ተልቋል። ሟቹ በሕይወቱ ለብሶት የማያውቅ ጥቁር ኮትና ከረባት በኮምፒውተር ተጨምሮለታል፤ ከኋላው ፏፏቴ አለ፤ የግንባሩ መስመሮች በሙሉ ተወልውለው ጠፍተዋል። እህትየው ለዚህ ሁሉ ደንታ የላትም። ፎቶውን ወደ ፊቷ አዙራ በስሙ ትጠራዋለች፣ ለምን ዝም እንዳላት ትጠይቀዋለች።

አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ኮቱም የሱ አይደል፣ ግንባሩም የሱ አይደል” አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ “ያች ግራ ዓይኑ ግን ራሱ ናት። እህል ሲያስመዝን ሚዛኑን እንዲህ ነበር የሚያይ” አሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ግራ ዓይን ነው። አንድ ምስል ሰውየውን መምሰሉና ሕያው ሆኖ መታየቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱን አጥርተው ያሳዩን፣ በኔ ግምት፣ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ በአውሮፓ ነገሥታት ግቢ በጠመኔ የተነደፉት የመኳንንትና የወይዛዝርት ፊቶች ናቸው። ከእነዚያ ፊቶች ወደ ጎጃም የሚያደርስ መንገድም አለ። ጠመዝማዛ ነው፤ በመቅደላም ያልፋል።

ሦስት ሰዓት በብራስልስ

እ.ኤ.አ. በ1538 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሦስተኛ ሚስቱ ሞታበት አራተኛ ያፈላልግ ነበር። ከታጩት አንዷ የዴንማርኳ ክርስቲና ናት፤ ገና በ16 ዓመቷ የሚላኑን መስፍን ባሏን ቀብራ ብራስልስ የተቀመጠች። ንጉሡ ያላየውን ሰው ማግባት አልፈለገም። ስለዚህ የግቢውን ሰዓሊ ሃንስ ሆልባይንን ላከ። ክርስቲና ለሰዓሊው የተቀመጠችለት ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነበር። ሆልባይን በዚያች ሦስት ሰዓት የነደፈውን ይዞ ባሕር ተሻገረ፤ ንጉሡም ባየው ተደሰተ። ጋብቻው ሳይሆን ቀረ። ከንድፉ ተነሥቶ የተሳለው፣ ክርስቲና የሐዘን ጥቁር ለብሳ ሙሉ ቁመቷ የሚታይበት ሥዕል ግን ዛሬም ለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ቆሟል።

ሦስት ሰዓት ለምን በቃው? አሠራሩን ማየት ነው። ሆልባይን ጀርመን ተወልዶ ባዝል የሠራ ሰው ነው፤ መጀመሪያ እንግሊዝ የገባው በ1526 ሲሆን በ1532 ተመልሶ ቀረ፤ በ1543 ለንደን ላይ በወረርሽኝ ሞተ። በእንግሊዝ ከነደፋቸው ፊቶች 80 ያህሉ ዛሬ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ይገኛሉ። በሁለተኛው ቆይታው ወረቀቱን አስቀድሞ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ይቀባው ነበር። ሮዙ ራሱ የቆዳው መደብ ይሆናል፤ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ አገጩን መቀባት አይጠበቅበትም፤ ወረቀቱ ቀድሞ ሠርቶለታል። በጥቁር ጠመኔ የፊቱን ዳር ይከተላል፤ በቀይ ከንፈሩን ነካ ያደርጋል፤ ለጸጉሩ ቡኒና ቢጫ ይጠቀማል። መጨረሻ ላይ ቀለም የነከረ ብዕር ወይም ቀጭን ብሩሽ ያነሣና ጥቂት ቦታዎችን ብቻ ያጠብቃል፦ የላይኛውን የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ፣ ሁለቱ ከንፈሮች የሚገጥሙበትን መስመር።

ሚስጥሩ ያለው እዚህ ይመስለኛል። የሰው ፊት የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ቦታዎች ነው፤ ጉንጭና ግንባር በአብዛኛው ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። ሆልባይን የማይንቀሳቀሰውን ለወረቀቱ ትቶ ጉልበቱን ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ላይ አዋለ። የደምበጫው ፎቶ ቤት ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ ባዶ መተው የነበረበትን ሞላ፣ መጠበቅ የነበረበትን ወለወለ። ያች ግራ ዓይን የተረፈችው ሳትነካ በመቅረቷ ነው።

ልብሱ ላይ ሲደርስ ሆልባይን ይቸኩላል። የኖርዝሃምፕተኑ ማርኪዝ የዊልያም ፓር ንድፍ ላይ ካባውና ሰደርያው በጥቂት መስመር ተጀምሮ ቀርቷል፤ እዚያው ወረቀቱ ላይ በጀርመንኛ “ነጭ ከፋይ”፣ “ወይን ጠጅ ከፋይ” እያለ ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል። ወረቀቱ የሥራ ወረቀት ነበርና። ሥዕሉ ሌላ ቀን፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ በቀለም ይሠራል፤ ልብሱም ያኔ ይጨረሳል። ለማንም ለማሳየት ስላልተነደፈ ማስመሰል አላስፈለገውም፤ ባለሟሉም ገና ክብሩን አልለበሰም።

ከሁሉ የምወደው የሴሲሊ ሄሮን ንድፍ ነው። የቶማስ ሞር ልጅ ናት፤ ሆልባይን በመጀመሪያው የእንግሊዝ ቆይታው መላውን ቤተሰብ ሲስል የነደፋት። ነፍሰ ጡር እንደነበረች የሚታወቀው በፊቷ አይደለም፤ የቀሚሷ የደረት ማሰሪያ ላላ ተደርጎ በመታሰሩ ነው። ዓይኖቿ ወደ ጎን፣ ከወረቀቱ ውጭ ወዳለ ሰው ሄደዋል። አንድ ሰው የሆነ ነገር ተናግሮ እሷ ገና ልትመልስ ነው። ምን እንደተባለች ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከ500 ዓመት በኋላም ያናድደኛል።

ይህን ያደረገው በመሣሪያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አልብረሽት ዱረር በ1525 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዓሊ በመስታወት አሻግሮ የተቀመጠ ሰው ሲነድፍ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ሆልባይንም እንዲህ ባለ መስታወት ተጠቅሞ ይሆናል ይላሉ። ይሆናል። መስታወት ግን የአፍንጫ ርዝመት እንጂ ነገር አይሰጥም፤ ሴሲሊ ልትመልስ የተዘጋጀችውን አላቀበለውም። ዱረር ራሱ በ1521 አንትወርፕ ላይ ካተሪና የተባለች የ20 ዓመት ጥቁር ሴት በብር ዘንግ ነድፏል። አገልጋይ ነበረች፤ ዓይኗን ወደ ታች ጥላለች፤ የልዕልት ያህል ተጠንቅቆ ነው የነደፋት። ወረቀቱ ዛሬ ፍሎረንስ ነው። ስለ ፍሎረንስ ገና እንመለስበታለን።

ፈረንሳይ ውስጥ ዣን ክሉዌና ልጁ ፍራንሷ በጥቁር፣ በቀይና በነጭ ጠመኔ የነገሥታቱን ግቢ ሁሉ ነደፉ። ከ300 በላይ የሆኑት በሻንቲዪ ሙዚየም አሉ፤ ብዙዎቹን የሰበሰበችው ንግሥት ካትሪን ደ ሜዲቺ ናት። ንግሥቲቱ ልጆቿ ርቀው ሲያድጉ ንድፋቸው ተሠርቶ እንዲላክላት ታዝ ነበር። ቀለም እስኪደርቅ መጠበቅ አልፈለገችም፤ ጠመኔው በቂዋ ነበር። ልጇ ከስቶ እንደሆነ ጉንጩን ለማየት ነው። ዛሬ ከጎጃም ዐረብ አገር የሄደች እናት በኢሞ ለልጇ ደውላ “ፊትህን አቅርብ እስቲ” የምትለው ይህንኑ ነው፤ ንግሥቲቱን የለያት የስልኩን ሥራ ሰዓሊ መሥራቱ ነው።

ስሙን ማን ጻፈው?

የዊንድዘሮቹ ንድፎች ላይ የተነደፉት ሰዎች ስም ተጽፏል። የጻፈው ግን ሆልባይን አይደለም። ንድፎቹ እሱ ከሞተ በኋላ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረዋል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት ካሮላይን ኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ውስጥ ከአንድ መሳቢያ እንዳገኘቻቸው ይነገራል። ስሞቹ የተጻፉት በኋላ ሰው እጅ ነው፤ ምንጫቸው የኤድዋርድ 6ኛ አስተማሪ የነበረው ጆን ቺክ ነው ይባላል። አንዳንዶቹ ትክክል ናቸው፣ አንዳንዶቹ ስሕተት። “ንግሥት አን ቦሊን” የሚል የተጻፈበት ወረቀት ላይ ያለችው ሴት በእርግጥ እሷ ናት ወይስ ሌላ፣ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ስም ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። በዚያ ግቢ ፊቱ ተርፎ ስሙ ጠፍቷል።

አሁን ከደምበጫ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር እንሂድ፤ ከዚያም በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ምንትዋብ በግንባሯ ተደፍታለች። ልብሷ ባለ ብዙ ጥልፍ ነው፤ ሰዓሊው የሐሩን አበባ አንድ በአንድ ተጨንቆበታል። ፊቷ ግን በዚያ ዘመን የጎንደር ሥዕሎች ሁሉ የምናውቀው ፊት ነው፦ ትልልቅ ዓይን፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ክብ ጉንጭ። በገበያ ብናገኛት በዚህ ሥዕል አንለያትም። ማን እንደሆነች ግን አንጠራጠርም፤ እንዲህ ባሉ ሥዕሎች አጠገብ ያሣለው ሰው ስምና መማጸኛው በግዕዝ ይጻፋል፣ ቦታውም አለባበሱም ይናገራል። ሆልባይን ለልብስ “ነጭ ከፋይ” ብሎ ጽፎ አለፈ፤ የእኛ ሰዓሊ ከፋዩን ስሎ ፊቱን በጽሑፍ አሳለፈ።

ይህን የችሎታ ማነስ የሚያደርጉ አሉ፤ አልስማማም። የናርጋው ሰዓሊ ሲሠራ ተመልካቹን በሐሳቡ ያስቀመጠው ሚስት የሚፈልግ ንጉሥ አይደለም። ሥዕሉን የምታየው እመቤታችን ናት፤ እሷ ደግሞ ምንትዋብን ለመለየት የአፍንጫዋ ቅርጽ አያስፈልጋትም።

መጋረጃው

የመኳንንት ፊት እንዳለ ላለመሳሉ ሁለተኛው ምክንያት መጋረጃ ነው። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወርደው፣ ወደ ደጋው ወጥተው የአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ። ከእነሱ ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ካህን ነበር። ቀርበው ለማየት ብዙ ደጅ ጠኑ፤ መልእክት ከመጋረጃ ውስጥ ይወጣል፣ መልስ ወደ መጋረጃ ውስጥ ይገባል። ንጉሡ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በገና፣ በፋሲካና በመስቀል ለሕዝቡ እንደሚታይ አልቫሬዝ ጽፏል።

በመጨረሻ መጋረጃው ተገለጠ። አልቫሬዝ እጁ ላይ ጠመኔ አልነበረም፤ ግን በቃላት የነደፈው ፊት ከማውቃቸው የዚያ ዘመን ምስሎች ሁሉ ለሆልባይን የሚቀርብ ነው። ወጣት፣ 23 ዓመቱ የሚባልና የሚመስልም፤ እጅግ ያልጠቆረ፣ የጠይምነቱ መልክ ወደ ቀይ ዳማ የሚያደላ፤ ቁመቱ መካከለኛ፤ ፊቱ ክብ፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ አፍንጫው መሐሉ ላይ ከፍ ያለ፤ ጺሙ ገና መብቀል የጀመረ። በራሱ ላይ ዘውድ፣ በእጁ የብር መስቀል። አፉንና ጺሙን የሚሸፍን ሰማያዊ ሐር ፊቱ ላይ ተይዟል፤ ሐሩ አልፎ አልፎ ዝቅ ሲል ሙሉ ፊቱ ይታያል፣ ከዚያ መልሶ ይነሣል።

ያ ሐር ነው ሕያው የሚያደርገው። አልቫሬዝ ፊቱን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ አላየውም፤ በቁርጥራጭ አየው፤ እኛም በቁርጥራጭ እናያለን። መጽሐፉ ሊዝበን የታተመው በ1540 ነው፤ ልብነ ድንግል ከግራኝ ሠራዊት ሲሸሽ ኖሮ ደብረ ዳሞ ላይ የሞተበት ዓመት።

በቀለም የተሳለ የልብነ ድንግል ምስልም አለ፤ የሚገኘው ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ጋለሪ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ፓኦሎ ጆቪዮ ኮሞ ሐይቅ ዳር በሠራው ቤት የዓለምን ታላላቅ ሰዎች ምስል ሰብስቦ ነበር። የፍሎረንሱ መስፍን ኮዚሞ ደ ሜዲቺ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለ ሰዓሊ ከ1552 ጀምሮ ልኮ ምስሎቹን አስገለበጠ፤ የኛም ንጉሥ ከእነዚያ መካከል ተገለበጠ። ክሪስቶፋኖ ልብነ ድንግልን አላየም፤ ያየው ሌላ ሥዕል ነው። ውጤቱ የሚከበር ሥራ ነው፣ ለኢትዮጵያም ታላቅ ታሪክ ነው፤ ለኔ ግን አልተነፈሰልኝም። የፖርቱጋሉ ካህን ከፍሎረንሱ ሰዓሊ በለጠብኝ።

ቬኒስያዊው በጎጃም

“በአገራችን እንዲህ የሚነድፍ ስላልነበረ ነው” እንዳይባል፣ ነበረ። ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ ቬኒስያዊ ሰዓሊ በ1480 ገደማ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ልብነ ድንግል ዘመን ለነገሥታቱ ሲሠራ ኖሯል። አልቫሬዝም ያውቀዋል፤ ሀብታምና የተከበረ ሰው እንደነበር ጽፏል፣ ሰዓሊነቱን እንደ ጉድለት እያየ። ከሥራዎቹ ስሙን የፈረመባቸው ጎጃም ውስጥ ተገኝተዋል፤ የዋፋ ኢየሱስና የጌቴሴማኒ ማርያም ሥራዎች በተመራማሪ ጽሑፍ የታወቁት በ1970ዎቹ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጣልያን ውስጥ ኢዛቤላ ዴስቴን ሲነድፍ፣ የአገሩ ልጅ ብራንካሌዎን በዓባይ ዙሪያ የእመቤታችንን ሥዕል ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሰው የአንድ ራስ ወይም የአንዲት ወይዘሮ ፊት በጠመኔ የነደፈበት ቅጠል አይታወቅም። የጠየቀው አልነበረም። የጠየቀው ቢኖርስ በምን ላይ? የአውሮፓው ንድፍ የተስፋፋው ወረቀት ስለረከሰ ነው። ሰዓሊው አሥር ጀምሮ ዘጠኙን ሊጥል ይችላል። እዚህ ያለው ብራና ነው። ፍየሉ ይታረዳል፣ ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ደርቆ በድጋሚ ይፋቃል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው አንድ ባለሟል ወደ ጎን ሲመለከት ምን እንደሚመስል ለመሞከር ብራና አያባክንም።

ወደ ጎን ስንል፣ ሊዮናርዶ ኢዛቤላን የነደፋት ሙሉ በሙሉ በጎን ነው፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ንድፉ ለማባዛት ዳር ዳሩ በመርፌ የተበሳ ነው፤ ዛሬ ሉቭር ይገኛል። ይህችን ክብርት እመቤት የጎጃም ደብር ግድግዳ ላይ ብናስገባት ከይሁዳና ከአጋንንት ጎን በቆመች ነበር፤ በእኛ ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ነው።

የቃል ንድፍ

ጎጃም ፊትን ያስቀመጠው በሌላ ቤት ነው። ለቅሶ ላይ አልቃሽ የሟቹን ቁመና፣ ጥርስ፣ አረማመድ፣ ፈረስ አያያዝ አንድ በአንድ ታነሣለች፤ የለቀስተኛው ሆድ የሚባባው እውነት ሲሆን ነው። ሟቹን የሚያውቁ መቶ ሰዎች ፊቷ ቆመዋል፤ ካልመሰለ አያለቅሱላትም። እንዲህ ያለ ዳኛ ሆልባይንም አልገጠመው።

በቃል የሚነድፍ ባዕድም መጥቷል። አርኖ ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ከወንድሙ ከአንቷን ጋር በ1838 ምጽዋ ወርዶ፣ ዳሞትንና ጎጃምን ይገዙ ከነበሩት ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ወዳጅ ሆኖ ሰፈራቸው ውስጥ ኖረ፤ ሰዉም “ራስ ሚካኤል” ይለው ነበር። የጻፈው መጽሐፍ በዚህ አገር መኳንንት ፊት፣ ሣቅ፣ ቁጣና አቀማመጥ የተሞላ ነው። ከመጋረጃው ውጭ ሆኖ ሳይሆን ከማዕዱ ቀርቦ ያየ ሰው መሆኑ ከእያንዳንዱ ገጽ ይታወቃል።

የጎጃሙ ሰዓሊ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራም እዚህ ሊነሡ ይገባል። ጉድሩ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም መጡ፤ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግቢ አድገው ቤተ ክርስቲያን ሣሉ፣ የጎጃምን ትውልድና ታሪክም ጻፉ። በግድግዳው ላይ እንደ ወጉ ቅዱሳኑን ሠሩ፤ ሰዎቹን ግን ለብዕራቸው አቆዩአቸው።

ሆምስ

ደጃዝማች ጎሹ እ.ኤ.አ. በ1852 ጉር አምባ ላይ ተሸንፈው ሞቱ። ያሸነፋቸው የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ። ቴዎድሮስ ደግሞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ፣ የእንግሊዝ ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ ሽጉጡን ጠጣ።

ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ሰው ነበር፤ ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። ሥራው መጻሕፍትና ቅርስ መሰብሰብ ነው። ንጉሡ ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ ሆምስ ወረቀት አውጥቶ ፊታቸውን ነደፈ። ፊታቸውን በቀጥታ በማየት ከተሠሩት የቴዎድሮስ ምስሎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ይኸው የሬሳ ንድፍ ነው። የሟቹን ንጉሥ ፊት የነደፈው እሱ ብቻም አይደለም፤ በ2019 የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው የንጉሡ ጸጉር፣ በሞቱበት የሳላቸው የአንድ ሰዓሊ ቤተሰብ የሰጠው ነበር። አንዱ እጅ ሲነድፍ ሌላው እጅ ይሸልት ነበር ማለት ነው።

ሆምስ ለራሱ ያስቀረው ሌላ ነገርም ነበር፤ “ኩርዓተ ርእሱ” የተባለውን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል። ይህ ሥዕል ራሱ የህዳሴው ዘመን የአውሮፓ ሰዓሊ ሥራ ነው፤ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ፣ መኳንንትም ይማሉበት ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ1905፣ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት እስኪታተም ድረስ ሥዕሉ ሆምስ ዘንድ መኖሩ በሰፊው አይታወቅም ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በ1917 ለጨረታ ቀረበ።

ከመቅደላ የተመለሰው ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1870 ሹመት አገኘ፤ የዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። ከ30 ዓመት በላይም ቆየበት። የሆልባይን ንድፎች በእሱ ጥበቃ ሥር ነበሩ ማለት ነው። እንዲያውም ንድፎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በጥሩ ቅጂ ታትመው ሲወጡ መግቢያውን የጻፈው እሱ ነው። ሴሲሊ ሄሮንን ዕድሜውን ሙሉ ያየ ሰው፣ በወጣትነቱ የቴዎድሮስን የተከደነ ዓይን የነደፈ ሰው ነው። በዚያው በዊንድዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ የሞተው የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል፤ በ2023 አጽሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም።

የሆምስ ንድፍ ይመስላል፤ አልጠራጠርም፤ እጁ የሠለጠነ ነው። ሕያው ግን አይደለም። ሞት ብቻውን ምክንያቱ አይመስለኝም። ክርስቲና ለሦስት ሰዓት ስትቀመጥ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ምን እንደምትለብስ፣ የት እንደምታይ የወሰነችው በከፊል እሷ ናት። ሆልባይን ያመጣው ግማሹን ነው፤ ግማሹን የሰጠችው ተቀማጯ ናት። መቅደላ ላይ የሚሰጥ አልነበረም፣ የሚወስድ ብቻ ነበር። ጎጃም ውስጥ በየቤቱና በየሚኒባሱ መስታወት የሚለጠፈው ቴዎድሮስ የሆምስ ቴዎድሮስ ያልሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ሕዝቡ ሹሩባውን ተሠርቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያየውን፣ ሰዓሊዎች በልባቸው የፈጠሩትን መረጠ። በመልክ ማስረጃ ይሸነፋል፤ አሸናፊ መሆኑ ግን አያስገርመኝም።

በቡሬ መንገድ

በቡሬ አቅራቢያ አንድ ደብር ውስጥ ሥራ ላይ ያገኘኋቸው መሪጌታ ሸራውን ከግድግዳው ለጥፈው እመቤታችንን ጨርሰዋል፤ ከእግሯ ሥር ያለው ቦታ ገና ባዶ ነው። እዚያ የምትገባው ያሣለችው ሴት ናት። አሜሪካ ናት፤ ገንዘቡንና ፎቶዋን በዘመድ ልካለች። ፎቶዋን አሳዩኝ፦ ጉንጯ የተወለወለ፣ ዓይኗ በስልክ ማስዋቢያ የሰፋ።

“በዚህ እንዴት እሠራለሁ?” አሉኝ። “የሰው ፊት አይደለም እኮ ይህ።”

ስለዚህ እንድትደውል አደረጉ፤ በቪዲዮ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። “እትዬ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ዞር በይልኝ” ይሏታል፤ “ኧረ መሪጌታ ሽበቴን እንዳያሳዩብኝ” ትላለች፤ ይሣሣቃሉ፤ ምስሉ ይቆማል፤ እስኪመለስ ደብተር ላይ በእርሳስ የጀመሩትን ይቀጥላሉ። ምስሉ በተቋረጠ ቁጥር በቃላቸው ያዩትን ያወርዳሉ፤ ሲመለስ ያርማሉ። ያን ቀን የነደፉት ቅጠል ላይ ሴትዮዋ አፏን ከፈት አድርጋ ልትመልስ ስትል ትታያለች። ግድግዳው ላይ ስትገባ ግን እጆቿን አንሥታ፣ ነጠላዋን በመስቀለኛ አጣፍታ፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሏት ተማጻኝ ሆናለች። ስሟ ከጎኗ በግዕዝ ተጽፏል። ስትፈልግ የነበረው ይኸው ነበርና በጣም ደስ ብሏታል።

የእርሳሱን ንድፍ ስጡኝ፣ ፎቶ ላንሣው አልኳቸው።

“እሱንማ ልጄ ከኋላው ሒሳብ ሠርታበት ትምህርት ቤት ወሰደችው” አሉኝ፣ ብሩሻቸውን እያጠቡ። “አሥር ከአሥር አምጥታበታለች።”